ደሴ ላይ ስኔር መቅዳት፦ ከብሎኑ እስከ ሚክሱ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ቤታቸው ውስጥ ላፕቶፕና አንድ ሳውንድ ካርድ ይዘው ሙዚቃ የሚቀዱ ልጆች በዝተዋል። ማሲንቆው ያምራል፣ ክራሩ ያምራል፣ ድምፃዊውም አይከፋም። ድራም ላይ ሲደርስ ነገር ይበላሻል። በተለይ ስኔር፣ ከሥሩ ሽቦ የተወጠረበት ድራም። ወይ ታፍኖ ይቀራል ወይ ጆሮ ይበሳል። ከዚያ ሁሉም ተስፋ ይቆርጥና ከኮምፒውተር የተዘጋጀ ሳምፕል ይጎትታል።

ሳምፕል ነውር አይደለም፣ እኔም እጠቀማለሁ። ግን በእጅ የተመታ ስኔር ውስጥ ያለችው ትንሽ መለዋወጥ፣ አንዱ ምት ጠንከር ሌላው ለስለስ ማለቱ፣ ዘፈኑን ሕይወት ይሰጠዋል። እሱን ለማግኘት ደግሞ ውድ ስቱዲዮ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከመቅዳት በፊት ያለውን ሰዓት አለመስረቅ ነው። በእኔ ግምት የድምፁ ትልቁ ድርሻ ቆዳው፣ የሚመታው እጅና ክፍሉ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ግማሹ ስለ ብሎንና ስለ ፍራሽ ነው። ለፕለጊን፣ ኮምፒውተር ላይ ላለው ድምፅ ማስተካከያ፣ የቸኮለ ወደ ታች ይዝለል፣ ተመልሶ መምጣቱ ግን አይቀርም።

ስኔሩን እዩት

የተለመደው ስኔር 14 ኢንች ስፋት አለው፣ ጥልቀቱ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 6.5 ኢንች ነው። አካሉ ብረት ከሆነ ድምፁ ይደምቃል፣ እንጨት ከሆነ ይሞቃል። ደሴ ላይ ግን ምርጫ የለም፣ ከሆቴል ባንድ ወይም ከቸርች የተዋሳችሁትን ነው የምትቀዱት። ችግር የለውም።

ዋናው ቆዳው ነው። ቆዳ እንላለን እንጂ ፕላስቲክ ነው። የላይኛው መሀሉ ላይ ጎድጉዶ፣ ነጩ ሽፋኑ ተላልጦ ከሆነ ምንም ብታደርጉ አይስተካከልም፣ ይቀየር። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለ አስመጡ፣ 14 ኢንች፣ ሻካራው ነጭ በሉት። የታችኛው በጣም ስስ ነው፣ ስለማይመታ ቶሎ አያረጅም። እሱን ለላይኛው ምትክ አድርጎ ማሰር ግን አይታሰብም፣ በመጀመሪያው ዱላ ይቀደዳል።

ስኔሩን ገልብጡና ሽቦዎቹን እዩ። አንዷ የተጣመመች ሽቦ ብቻዋን ትንጫጫለች። በመቁረጫ ከሁለቱም ጫፍ ቆርጣችሁ አውጧት፣ የቀሩት ይበቃሉ።

ማስተካከል

እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ።

በጎን ያለችውን መክፈቻ አውርዳችሁ ሽቦውን ልቀቁት፣ አለዚያ የቆዳውን ድምፅ መስማት አትችሉም። ብሎኖቹን ሁሉ አላልታችሁ መጀመሪያ በጣት እስኪይዙ ድረስ አዙሩ። ከዚያ በድራም ቁልፍ ግማሽ ግማሽ ዙር፣ የመኪና ጎማ ሲታሰር እንደሚደረገው ከአንዱ ወደ ፊት ለፊቱ እየተሻገራችሁ። በተራ ዙሪያውን ከሄዳችሁ ቆዳው ወደ አንድ ወገን ይጎተታል።

አሁን ከእያንዳንዱ ብሎን ወደ ውስጥ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ በዱላው ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ምቱ፣ በሌላው እጅ ጣት መሀሉን ነካ አድርጉ። አንዱ ቦታ ከፍ ያለ፣ ሌላው ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ሁሉም አንድ እስኪሆኑ አስተካክሉ። የማሲንቆ ጭራ ሲቃኝ የሰማ ጆሮ ለዚህ አይቸገርም፣ ወሎ ደግሞ እንዲህ ያለ ጆሮ ሞልቷል። ጆሯችሁን ካላመናችሁት ስልክ ላይ ያለ መቃኛ አፕ ይረዳል። ብዙ ስኔር ሳይነካ መሀሉ ሲመታ ከ180 እስከ 240 ኸርዝ ባለው መሀል ደስ የሚል ድምፅ ይሰጣል። ዝቅ ካለ ወፍራም፣ ከፍ ካለ ቀጭንና ፈጣን ነው። የታችኛውን ቆዳ ከላይኛው ጠበቅ አድርጉት፣ ሽቦው ቶሎ መልስ የሚሰጠው ያኔ ነው።

ስኔሩን በዘፈኑ ቃና ላይ መቃኘት አለብን ወይ ብለው የሚጨቃጨቁ አሉ። ፈጣን ዘፈን ላይ ማንም አይሰማውም። በዝግታ የሚሄድ ትዝታ ላይ ግን ስኔሩ ረጅም ጩኸት ካለውና ጩኸቱ ከመነሻ ድምፁ በግማሽ ቃና ብቻ ከራቀ ያሳክካል። ያኔ ሩብ ዙር ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ነው፣ አለቀ።

ሽቦውን መልሳችሁ ያዙት። በጣም ከላላ ይንኮሻኮሻል፣ በጣም ከጠበቀ ድምፁ ይታነቃል። እያጠበቃችሁ ሄዳችሁ መታነቅ ሲጀምር ትንሽ መለስ አድርጉት። ቤዝ ጊታሩ ሲጫወት ሽቦው ብቻውን መንቀጥቀጡ አይቀርም፣ ጥቂቱን ታገሱት። ካስቸገረ ቤዙን በኬብል በቀጥታ ወደ ሳውንድ ካርዱ አስገቡት።

ጩኸቱ ከበዛ ሶፍት አጥፋችሁ በፕላስተር ጠርዙ ላይ ለጥፉ። የጣት ስፋት ይበቃል። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ያበዛል፣ ምክንያቱም ስኔሩን ብቻውን ነው የሚሰማው። ባንዱ ሲገባ የጩኸቱ ግማሽ አይሰማም፣ አብዝታችሁ ያፈናችሁት ድምፅ ግን አይመለስም።

ስለ አየሩም አንድ ነገር። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከዚያ በብዙ ዝቅ ብላ ትሞቃለች። ኮምቦልቻ የተስተካከለ ስኔር በመኪና ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ሲደርስ እንደነበረ አትጠብቁ። ክፍሉ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥና እንደገና ይነካካ። የእውነተኛ ቆዳ ከበሮ የለመደ ሰው ብርድ ሲሆን እሳት ዳር ማሞቅ ያምረዋል። ፕላስቲኩን እንዳትሞክሩት።

ክፍሉ

ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ድራም ለመቅዳት ቀጠሮ መያዝ ከእግዜር ጋር መከራከር ነው፣ በልግም ሲጥል ያው ነው። ክረምት ላይ ከሆናችሁ ጠዋት ተነሱ።

አዲሱ የብሎክ ቤት ልስን ግድግዳው ለስላሳና ጠንካራ ስለሆነ ድምፁን ሁሉ መልሶ ይወረውረዋል። አጨብጭቡና ስሙ፣ ጭው የሚል ትርፍ ድምፅ ካለ ማይኩም ይሰማዋል። አሮጌው የጭቃ ቤት፣ ግድግዳው ወጣ ገባ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ የሆነው፣ ለድራም ይሻላል። እሱ ካለ ሳሎኑን ለምኑ።

ከሌለ ስፖንጅ ፍራሽ ሁለት ሦስት አምጡና ከድራሙ ኋላና ጎን አቁሙ። ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጓቸው፣ ከኋላቸው ያለው ክፍተት ዝቅ ያለውን ድምፅም ጭምር እንዲይዙ ይረዳል። ከሥር ምንጣፍ። ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ከሆነ ከሲምባሎቹ በላይ ወፍራም ብርድ ልብስ አጥፋችሁ ወጥሩ፣ አንድ ጋቢ ብቻውን ብዙ አያግዝም። ሁሉንም ግድግዳ ግን አትሸፍኑ፣ ክፍሉ ከሞተ ስኔሩም ይሞታል። ድራሙን ጥግ ላይም ትክክል መሀል ላይም አታድርጉት።

ጎረቤት ደግሞ አለ። ቀድማችሁ ንገሩ። «እትዬ፣ ዛሬ ትንሽ እንረብሽዎታለን።» «ትንሽ? እናንተ መቼ ትንሽ ታውቃላችሁ! በሉ መግሪብ ሳይደርስ ጨርሱ።» ምክሩም ጥሩ ነው፤ አዛኑም የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያም ከላይ የተሰቀሉት ማይኮች ውስጥ በደንብ ይገባሉ፣ ስለዚህ ሰዓቱን አይታችሁ በመሀል ቅዱ። የቡና ሰዓት ላይ ከገጠመ ደግሞ ሄዳችሁ ጠጡ።

ማይኩ

አንድ ማይክ ብቻ ካላችሁ ሹር ኤስኤም57 ወይም እሱን የመሰለ ዳይናሚክ ይሁን። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ያለ ማይክ ነው፣ እስካሁን ስኔር ላይ የሚያስንቀው ብዙ የለም። አስመስለው የሠሩት ገበያው ውስጥ ሞልቷል፣ ዋጋው በጣም ከረከሰ ጠርጥሩ። ሌላ ዳይናሚክ የድምፃዊ ማይክም ይሠራል።

አቀማመጡ እንዲህ ነው። ማይኩ ከብረት ቀለበቱ በላይ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ጫፉ ቀለበቱን አልፎ ትንሽ ወደ ውስጥ ይግባ፣ አፍንጫው ወደ ቆዳው መሀል ዘንበል ብሎ ይይ። ወደ መሀል ባዞራችሁት ቁጥር ምቱ ይጎላል፣ ወደ ጠርዙ ባዞራችሁት ቁጥር ጩኸቱ ይበዛል። ይበልጥ ባቀረባችሁት ቁጥር ደግሞ ዝቅ ያለው ድምፅ ይወፍራል። አንድ ሰው ይምታ፣ ሌላው በሄድፎን እየሰማ ማይኩን በጣት ስፋት ያንቀሳቅስ። በኢኪው፣ ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ በሚያወጣና በሚያወርደው፣ ሰዓት ሙሉ የምትፈልጉትን በዚህች እንቅስቃሴ ታገኙታላችሁ።

ከሁሉም በላይ የማይኩ ጀርባ ወደ ሃይ ሃቱ፣ በእግር ወደሚከፈቱትና ወደሚዘጉት ጥንድ ሲምባሎች፣ ይዙር። ይህ ዓይነት ማይክ በጀርባው የሚመጣውን ብዙም አይሰማም። ስኔር ቅጂ ውስጥ ትልቁ ጠላት ሃይ ሃት ነው፣ አንዴ ከገባ አይወጣም። ስታንዱ ከድራመሩ ክንድ መራቁንም እዩ።

ሁለተኛ ማይክ ካለ ከታች ከማድረጋችሁ በፊት ከላይ ስቀሉት። ስኔር ሙሉ የሚሆነው ከላይ ባለው ማይክ ነው። ከላይ የሚሰቀሉ ሁለት ካላችሁ ከስኔሩ መሀል እስከ ሁለቱም ያለው ርቀት እኩል ይሁን። መለኪያው ሲባጎ ነው፦ አንዱን ጫፍ ስኔሩ ላይ ያዙ፣ ወደ አንዱ ማይክ ዘርጉ፣ ቋጠሮ አድርጉ፣ ወደ ሌላው አዙሩት። ድምፅ በ1 ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ስለዚህ አንዱ በክንድ ከራቀ ስኔሩ ሁለት ጊዜ ደርሶ ይሳሳል።

ከታች ማይክ የምታደርጉ ከሆነ የሽቦውን ድምፅ ይጨምርላችኋል፣ ግን አንድ ግዴታ አለው። ዱላው ሲያርፍ የላይኛው ቆዳ ከላይኛው ማይክ ይሸሻል፣ የታችኛው ቆዳ ደግሞ ወደ ታችኛው ማይክ ይገፋል። ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው፣ ሲደመሩ ይጠፋፋሉ። የታችኛው ትራክ ላይ ፌዝ (የድምፁን ሞገድ አቅጣጫ) የሚገለብጠውን፣ ክብ ላይ ሰረዝ ያለበትን ቁልፍ ተጫኑ። ሆዱ፣ ማለት ወፍራሙ ድምፁ፣ ከተመለሰ ትክክል ነው።

ጌንና እጅ

ድራመሩ ለሙከራ ሲመታ ሁልጊዜ ይሳሳል፣ ቀይ መብራቱ ሲበራ ግን ይጨክናል። ስለዚህ «የዘፈኑን ማብቂያ እንደምትመታው ምታ» በሉት። በዚያ ላይ ጌኑን፣ ማለት ማይኩ የሚገባበትን መጠን፣ ከ0 በታች 10 ዲቢ (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) አካባቢ እንዲደርስ አድርጉ። በ24 ቢት ስለምትቀዱ ዝቅ ማለቱ አይጎዳም፣ ከ0 ማለፉ ግን ድምፁን ቆርጦ ይጥለዋል፣ መድኃኒትም የለውም። ጌኑን ዜሮ አድርጋችሁም ቀይ ከሆነ ካርዱ ላይ የሚገባውን ድምፅ የሚቀንስ ፓድ የሚል ቁልፍ ካለ ተጫኑ።

ስለ እጁም ተነጋገሩ። ብዙ ድራመር ሃይ ሃቱን ይቀጠቅጥና ስኔሩን ይዳስሳል። ግልብጡን ነው የምንፈልገው። ዱላው በየጊዜው አንድ ቦታ ይረፍ፣ መሀል ከሆነ መሀል። ቆዳውንና ቀለበቱን አንድ ላይ መምታት ደግሞ ጠንካራ ፍንጣቂ ድምፅ ይሰጣል፣ ለሞቅ ያለ ጨዋታ አሪፍ ነው፣ ለአምባሰል ግን ይከብዳል።

በየቅጂው መሀል ብሎኖቹን ፈትሹ፣ በተለይ ዱላው አዘውትሮ በሚያርፍበት በኩል ይላላሉ። ሲጨርስ ደግሞ ሳይነሣ ነጠላ ምቶች ቅዱለት፣ ለስለስ ያለ፣ መካከለኛ፣ ጠንካራ፣ ድምፁ እስኪጠፋ እየጠበቀ። በኋላ አንድ የተበላሸ ምት ቢገኝ ከራሱ ስኔር ትተኩታላችሁ።

መብራት ይሄዳል። የላፕቶፑ ባትሪ ይሙላ፣ በየቅጂው ሴቭ አድርጉ። ጄኔሬተር ካስነሣችሁ በር ዝጉ።

ሚክሱ

መቅጃ ሶፍትዌሩ ሪፐር ይሁን ኪዩቤዝ ለውጥ የለውም። መጀመሪያ ፌዙን እዩ። የስኔሩን ማይክና ከላይ ያሉትን አንድ ላይ ክፈቱ፣ የስኔሩን ፌዝ ገልብጡ፣ መልሱ። ሆዱ የወፈረበትን ያዙ። ከዚህ በፊት ኢኪው የነካ ሰው ጉድጓድ እየሞላ ነው።

ከ80 ወይም ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ሁሉ ቁረጡ። የኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) ግርፋትና የመብራቱ የ50 ኸርዝ ሁምታ እዚያ ነው ያለው። ሆዱ 200 አካባቢ ነው፣ ከሳሳ 2 ወይም 3 ዲቢ ጨምሩ። ከ400 እስከ 600 የታፈነው ድምፅ ይኖራል፣ ቀንሱ። የምቱ ጥራት ከ3 እስከ 5 ሺህ፣ የሽቦው ከዚያ በላይ። አንድ የሚጮህ ቃና ካለ ጠባብ ኢኪው ከፍ አድርጋችሁ እየጎተታችሁ ፈልጉት፣ ስታገኙት አውርዱት። ይህን ሁሉ ስኔሩን ብቻውን ሶሎ አድርጋችሁ አትሥሩ። ብቻውን የሚያምር ስኔር ዘፈኑ ውስጥ ሲገባ ወይ ይጠፋል ወይ ይረብሻል።

ኮምፕረሰሩን፣ ጠንካራውን ምት ጨምቆ ከለስላሳው ጋር የሚያቀራርበውን፣ 4 ለ1 አድርጉ። አታኩ፣ መጭመቅ እስኪጀምር ያለው ጊዜ፣ ከ10 እስከ 30 ሚሊሰከንድ፣ የዱላው ማረፊያ ሳይነካ እንዲያልፍ። ፈጣን ካደረጋችሁት ምቱ ይደነዝዛል። ሪሊዙን፣ ጨምቆ እስኪለቅ ያለውን ጊዜ፣ በዘፈኑ ፍጥነት አስሉት። ችክችካ 6 በ8 ነው። በደቂቃ 100 ትልልቅ ምት ካለው አንዱ 600 ሚሊሰከንድ፣ የውስጧ ትንሿ ደግሞ 200 ናት። ድራመሩ በመሀል ለስላሳ ምቶች የሚያስገባ ከሆነ ኮምፕረሰሩ ከ200 በፊት መልቀቅ አለበት፣ 120 ወይም 150 አድርጉትና ስሙ። መርፌው 4፣ 5 ዲቢ ቢወርድ ይበቃል።

ጌት፣ ድምፁ ዝቅ ሲል የሚዘጋውን፣ ብዙ አልወድም፣ ለስላሳዎቹን ምቶች ይበላል። ሃይ ሃቱ ካስቸገረ ሙሉ በሙሉ ከመዝጋት 6 ወይም 10 ዲቢ ብቻ እንዲያወርድ አድርጉት።

አሁን ከውጭ በተሠሩ ትምህርቶች ላይ ወደማታገኙት። የእኛ ዘፈን ውስጥ ጭብጨባ አለ። ወሎ ላይማ መንዙማውም ጨዋታውም ያለ ጭብጨባ አይሆንም። የጭብጨባ ጉልበት ከ1 እስከ 3 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ነው፣ ማሲንቆውም እዚያው ይንጎራደዳል፣ ድምፃዊዋም። ስኔሩንም እዚያ ከጨመራችሁት አራቱም ይጨቃጨቃሉ፣ ከዚያ ሁሉንም ከፍ እያደረጋችሁ ሌሊቱ ይነጋል። እኔ የማደርገው ስኔሩን ከ1 እስከ 2 ሺህ ተኩል ባለው ቦታ 3 ዲቢ ዝቅ አድርጌ 200ው ላይና ከ6 ሺህ በላይ እንዲታይ መተው ነው። ጭብጨባውን ግራና ቀኝ እበትነዋለሁ፣ ስኔሩ መሀል ብቻውን ይቀራል። ጭብጨባውና ስኔሩ አንድ ላይ የሚያርፉ ከሆነ ደግሞ ጭብጨባውን ከ10 እስከ 15 ሚሊሰከንድ ወደ ኋላ ሳብ አድርጉት። የሰው ጭብጨባ ድሮም እንደዚያ ነው፣ ከዱላው ጋር እኩል አያርፍም። ጨዋታው ሰፊ ይሆናል።

ሪቨርቡ፣ ማለት ማስተጋባቱ፣ ፕሌት የሚባለው ዓይነት ይሁን፣ ለፈጣን ዘፈን 1 ሰከንድ አካባቢ፣ ለትዝታ እስከ 2። ፕሪ ዲሌይ፣ ሪቨርቡ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ክፍተት፣ 20 ሚሊሰከንድ ስጡት፣ ምቱ ከሪቨርቡ ተለይቶ ይሰማል። ሪቨርቡ ላይ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ። የእ.ኤ.አ. 1980ዎቹን ድምፅ የሚወድ ካለ ከሪቨርቡ በኋላ ጌት ያድርግና ጅራቱን ይቁረጠው፣ ለሁሉም ዘፈን ግን አይሆንም።

ሳምፕል መደረብ ከፈለጋችሁ ከራሱ ነጠላ ምቶች ጀምሩ፣ እነሱም ከሥር ገብተው የማይታወቁ ይሁኑ። ፌዛቸውን እዩ።

በመጨረሻ ስልክ ላይ ስሙት፣ ከዚያ ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ የምታውቁት ባጃጅ ውስጥ። ሞተሩ እየሠራ ስኔሩ ከተሰማ በቂ ነው። ካልተሰማ ወደ 200ው ተመለሱ እንጂ ድምፁን ከፍ አታድርጉ፤ ጆሮ ከበሳ ደግሞ ችግሩ ብዙ ጊዜ 4 ሺህ አካባቢ ነው፣ 2 ዲቢ አውርዱና እንደገና ባጃጁ ውስጥ ግቡ።